ሰደርያው ሥልጣን አይደለም

እናንተ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ላይ ሳይክል የምትነዱ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም አለሁበትና ቅር አይበላችሁ።

"በጎ ፈቃደኛ የመንገድ ጠባቂ እንሁን" ሲባል ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን። መጀመሪያ የምናሠራው ግን ሰደርያ ነው። ቢጫ፣ የሚያንጸባርቅ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት። ፎቶ እንነሳለን። በሦስተኛው ሳምንት ሰደርያው ቁም ሳጥን ገብቷል።

ለብሰነው ስንወጣ ደግሞ ይብስብናል። አንድ ቀን ቁልቁል ስወርድ ከፊቴ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናት ነበሩ። ደወሌን ደጋግሜ አቃጨልኩባቸው። ደንግጠው ወደ ዳር ሲሉ ሸክማቸው አዘነበለ፤ በአንድ እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ተረፉ። ምንም አላሉኝም። ያን ሁሉ እንጨት አዝለው አንገታቸውን ማዞር እንደማይችሉ የገባኝ ካለፍኳቸው በኋላ ነው። ጠባቂ ተብዬው እኔ ነበርኩ እንግዲህ! የእንጦጦ ፓርክ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። እንጨት ተሸካሚዎቹ ተራራውን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ወጥተው ወርደውበታል።

እግረኛ ካለ የሚቆመው ሳይክለኛው ነው። ሰላም ብሎ ያሳልፋል፣ አለቀ። መቅጣትም መጮህም የእኛ ሥራ አይደለም።

ብዛትም አያታልላችሁ። ስምንት ሰው ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በወር አንድ አንድ ቅዳሜ ብትይዙ አራቱም ቅዳሜ ተሸፈነ። ቴሌግራም ላይ ከሚያጨበጭቡ ሃምሳ ሰዎች እነዚህ ስምንቱ ይሻሉኛል። የፓርኩን አስተዳደር ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ሁለት ሁለት ያልኩት ለወሬ ጓደኛ አይደለም። ሰው ሲወድቅ አንዱ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ላይ ሮጦ የሚወርደውን ሳይክል ያስቆማል። አንገቱን ተመትቶ ከሆነ አታንቀሳቅሱት። መተንፈስ ካልከለከለው ሄልሜቱንም አታውልቁ። ያ "ተነስ፣ ተነስ፣ ውኃ ስጡት" የምንለው ነገር ይቅርብን። 907 ደውሎ "እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነን" ማለት ደግሞ ለአምቡላንስ ሹፌር ምን ይጠቅመዋል? በየትኛው በር ይግባ? በሩ ላይ ማን ይቀበለው? የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ቀይ መስቀል ይሰጣል። የሰደርያው ገንዘብ እዚያ ይዋል።

ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ አትንዱ። ጎማ የቀደደውን መስመር ውኃ ይከተለዋል፤ መስከረም ላይ ስትመለሱ መንገዱ ቦይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያኔ "መንገዱን ማን አበላሸው?" ብለን እንማረራለን። ሐምሌ ላይ ሳይክሉ ይቀመጥና ዶማ ይዘን ውኃውን ወደ ጎን እናውጣ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራ የእኔ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ እቆማለሁ። ሁለተኛ ሰው አላገኘሁም። የምትመጡ ፖምፓና ፋሻ ያዙ፤ ሰደርያ እኔ ጋ ሞልቷል።