ውሉ የእኛም ነው

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በነባር ሕዝቦችና በኋላ በመጡት መካከል ስላለው አለመተማመን ሲነሣ፣ ብዙ ሰው መፍትሔው መቀራረብና መነጋገር ነው ይላል። የግዛቲቱ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ፣ መንግሥት መሬቱን ሲወስድ ከነባሮቹ ጋር የተፈራረመው ውል በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈጸም ተደረገ፤ መከባበሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ አይደለም፤ ቤት የተከራየንበትና ንግድ የከፈትንበት መሬት የተላለፈው በዚሁ ውል ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 የወቅቱ አገረ ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ ፑጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ ከሚኖሩ ነገዶች ጋር ተከታታይ ውሎችን ተፈራረመ። በሜዲስን ክሪክ ውል ኒስኳሊ፣ ፑያለፕና ሌሎች ነገዶች ከሁለት ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት በ32,500 ዶላር ለቀቁ። ዛሬ ሲያትል የተቆረቆረችበትን መሬት የሚመለከተው በፖይንት ኤሊየት የተፈረመው ውል ሲሆን፣ ከተማዋ በስሙ የምትጠራው አለቃ ሲያትልም ፈርሞበታል። ነገዶቹ ያን ሁሉ መሬት ሲለቁ አንድ ነገር ግን ለራሳቸው አስቀርተዋል፤ ይኸውም በለመዱት የማጥመጃ ስፍራ ሁሉ፣ ከሌሎች ዜጎች ጋር በጋራ፣ ዓሣ የማጥመድ መብታቸው ነው። ከውሉ በኋላ ጦርነት ተነሣ፤ የኒስኳሊው መሪ ሌሻይም በግድያ ተከሶ በ1858 ተሰቀለ። በ2004 የተሰየመ ታሪካዊ ችሎት ድርጊቱ ተፈጸመ የተባለው በጦርነት መካከል በመሆኑ ሰውየው በግድያ ሊከሰስ አይገባውም ነበር ሲል ነጻ አድርጎታል። በስሙ የተሰየመው የሐይቅ ዳር ሰፈር ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ብዙም አይርቅም።

ቢሊ ፍራንክ የተባለው የኒስኳሊ ልጅ በ1945 በወንዙ ላይ ሳልሞን ሲያጠምድ በግዛቲቱ ተቆጣጣሪዎች ሲያዝ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1960ዎቹ ተቆጣጣሪዎች ወደ ወንዙ ዳር እየወረዱ መረብ ይቀሙና ጀልባ ይወስዱ ነበር፤ በ1970 ደግሞ ስለ ማጥመድ መብታቸው በፑያለፕ ወንዝ ዳር የሰፈሩትን ሰዎች ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ በትኗቸዋል። ሰበቡ ሁልጊዜ «ዓሣውን እየጨረሱት ነው» የሚል ነበር። ነገዶቹ ይይዙት የነበረው ግን ከጠቅላላው አምስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የነባሮቹ አለመተማመን ከጥላቻ የመነጨ ሳይሆን ከዚህ ልምድ የተወረሰ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

በየካቲት ወር 1974 የፌዴራል ዳኛ ጆርጅ ቦልት ውሉን አንብቦ፣ «በጋራ» ማለት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ የሚደርሰው የነገዶቹ ድርሻ ነው ሲል ፈረደ። ቁጣው ከባድ ነበር፤ የዳኛውን ምስል ሠርተው የሰቀሉ ሰዎች ነበሩ፣ የግዛቲቱ ባለሥልጣናትም ፍርዱን ላለመፈጸም ለዓመታት ተከራከሩ። በ1979 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በአመዛኙ አጸናው። ነባር ያልሆኑት አጥማጆች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ብዙዎቹ ለጀልባቸው የባንክ ዕዳ የገቡ፣ መንግሥት በሰጣቸው ፈቃድ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ነበሩ። መንግሥት ቀድሞ በውል ቃል የገባበትን ዓሣ በፈቃድ መልክ ለሌላ ሰጥቶ ሁለቱን ወገን አጋጨ፤ ጎረቤታሞቹም እርስ በርስ ሲወቃቀሱ ኖሩ።

ፍርዱ የማይቀለበስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነበር ነገሩ የተለወጠው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የነገዶቹና የግዛቲቱ የዓሣ ባለሙያዎች ዓሣውን በጋራ ያስተዳድራሉ። በየዓመቱ ፀደይ ላይ ተቀምጠው ከባሕር ወደየወንዙ ስንት ሳልሞን እንደሚመለስ ይገምታሉ፣ በቁጥሩ ይከራከራሉ፣ ከዚያም የማጥመጃውን ጊዜ ይወስናሉ። ክርክሩ ዛሬም የጋለ ነው፤ ነገር ግን ጭቅጭቁ በዓሣው ብዛት ላይ እንጂ በሰውየው መብት ላይ አይደለም። እኔ መከባበር የምለው ይህንን ነው። ይህን ሥርዓት ከገነቡት ዋነኛው ያው ከ50 ጊዜ በላይ የታሰረው ቢሊ ፍራንክ ሲሆን፣ ካረፈ በኋላ በ2015 የአገሪቱ ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ተሰጥቶታል።

በእኛ ማኅበረሰብ መካከልም ስለ ነባሮቹ ሳይጣራ የሚነገር ነገር አለ። «ግብር አይከፍሉም» ይባላል፤ የነገድ አባላት ግን የፌዴራል የገቢ ግብር ይከፍላሉ። «እንደፈለጋቸው ያጠምዳሉ» ይባላል፤ ነገዶቹ ግን የራሳቸው ደንብ፣ የራሳቸው ተቆጣጣሪና የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። በስብሰባ መክፈቻ ላይ «ይህ የዱዋሚሽ ሕዝብ መሬት ነው» የሚል መግለጫ ሲነበብ በአክብሮት እናዳምጣለን፤ የዱዋሚሽ ነገድ እስከ ዛሬ የፌዴራል ዕውቅና እንደሌለው፣ ጥያቄውን ከጎረቤት ነገዶች መካከልም የሚቃወሙት እንዳሉ የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። በመሬታቸው ለምንኖርባቸው ሰዎች ቢያንስ ይህን ያህል ማወቅ ይገባናል።

አሁን በእጃችን ያለው ጥያቄ ጅረት እንዲያልፍባቸው ከመንገድ ሥር የተቀበሩት ቱቦዎች ናቸው። ብዙዎቹ ጠባብ በመሆናቸው ሳልሞን ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን ወደሚጥልበት ስፍራ እንዳይደርስ ያግዱታል፤ ዓሣው ካለቀ ደግሞ ግማሽ ድርሻ ባዶ መረብ ነው። ነገዶቹ ከከሰሱ በኋላ ፍርድ ቤቱ ግዛቲቱን ቱቦዎቹን እንድትቀይር አዘዘ፤ ትእዛዙም በ2018 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸና፤ አብዛኛው ሥራ እስከ 2030 መጠናቀቅ አለበት። ወጪው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ «ለጥቂት ዓሣ ይህን ያህል ገንዘብ?» የሚል ተቃውሞ በየበጀቱ መነሣቱ አይቀርም። ዜግነት ወስደን ድምፅ የምንሰጥ ኢትዮጵያውያን በዚያን ጊዜ ለወኪሎቻችን ልንነግራቸው የሚገባው፣ ይህ ገንዘብ ለነገዶቹ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን ለምንኖርበት መሬት በ1855 ቃል ተገብቶ ሳይከፈል የቆየ ዋጋ መሆኑን ነው።