ትሮትል (ኮዱ ለሞተሩ የሚያዘው የኃይል መጠን) ፍጥነት አይደለም! ይሄን የሚነግረን ሰው እንዴት ይጠፋል?

በጣም ስለተናደድኩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ራሷን የምትነዳ ትንሽ የውድድር መኪና ልስራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቪዲዮ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር ጫኑባት፣ ካሜራ ግጠሙላት፣ በሪሞት እየነዳችሁ አስተምሯት፣ ከዚያ እጃችሁን አንሱ፣ ራሷ ትዞራለች። እውነት ነው፣ ትዞራለች። ግን ባትሪው ሙሉ ሲሆን ነዋ! ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱና እዩአት። ኮዱ ያው፣ ሞዴሉ (ከእናንተ አነዳድ የተማረው ፕሮግራም) ያው፣ መሬቱ ያው፤ አነዳዷ ግን የቅድሟ መኪና አይመስልም።

ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። ኮዱ ላይ «ትሮትል 0.3» ብላችሁ ስትጽፉ በዚህ ፍጥነት ሂጂ ማለታችሁ አይደለም። ለሞተሩ ካለው ኃይል ይሄን ያህል ስጠው ማለት ብቻ ነው። ባለሁለት ሴል ሊፖ ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው። እየተነዳ ሲቆይ ወደ 7 ይወርዳል። ቮልቱ ወደ 17 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፣ ኮዱ ግን አሁንም 0.3 እያለ ቁጭ ብሏል። መሬቱ ሲቀየርም ያው ነው፤ ምንጣፍ ላይ በዚያ ቁጥር ንቅንቅ የማትል መኪና ሴራሚክ ላይ በዚያው ቁጥር ተወርውራ ከግድግዳ ጋር ትላተማለች።

ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። እንዲህ ያሉ መኪኖችን የሚነዳው ዶንኪ ካር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ካልነካካችሁት በሴኮንድ 20 ጊዜ ነው ምስል አይቶ የሚወስነው። መኪናዋ በሴኮንድ 2 ሜትር ከሄደች በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መሀል 10 ሳንቲሜትር ትጓዛለች። 3 ሜትር ከሆነ 15። ስትማር ባትሪው ደክሞ ከነበረና ዛሬ ሙሉ ከሆነ፣ መሪ መዞር የነበረበትን ቦታ አልፋዋለች። የውጪው ጎማ የመንገዱን ጠርዝ የሚያሳየውን ነጭ ፕላስተር ረግጦ ይወጣል፣ ካሜራው ፊት የወንበር እግር ይደቀናል፣ እሱን ደግሞ ስትማር አይታው ስለማታውቅ ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም። አለቀ።

ይሄን ይዛችሁ እርዳታ ስትጠይቁ መልሱ ሁሌ አንድ ነው። «ዳታ ጨምርበት»፣ «ኮድህን ፈትሽ»፣ «ብርሃኑ ይሆናል»። እሺ፣ ብርሃንም ችግር ነው፣ አልክድም። ከሰዓት በመስኮት የምትገባ ፀሐይ መሬቱ ላይ ሌላ ነጭ መስመር ትሰራና ሞዴሉ እሷን ተከትሎ ይሄዳል። ለእሱ ግን መጋረጃ አለ። ለባትሪውስ? ሰው ስንት ሌሊት ኮድ ላይ አፍጥጦ ያድራል፣ ኮዱ ምንም ሳይሆን!

ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው። በ2016 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን፣ አሁን ሮቦሬሰር የሚባለውን የአንድ አስረኛ መጠን መኪኖች ውድድር እዩ። እዚያ የሚጠቀሙበት ቬስክ የተባለ የሞተር መቆጣጠሪያ ሞተሩ ምን ያህል እየዞረ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ኮዱ ላይ «በሴኮንድ 2 ሜትር» ይባላል፣ ባትሪው ቢደክምም መቆጣጠሪያው ራሱ ጨምሮ ያካክሳል። አዎ፣ የእነሱ መኪና ውድ ነው፣ ሊዳሩ (በሌዘር ርቀት የሚለካው ሴንሰር) ብቻውን ከ1,000 ዶላር ያልፋል፣ እሱን ማንም ቤቱ አይሞክረውም። ፍጥነት ለመለካት ግን ሊዳር ምን ያደርጋል? ጎማው ላይ አንዲት ትንሽ ማግኔት፣ አጠገቧ ማግኔት ሲቀርበው የሚያውቅ አንድ ሆል ሴንሰር፣ በቃ። ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር ሴንሰሩ ምልክት ይሰጣል፣ እሱን ቆጥሮ ትሮትሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ኮድ ደግሞ ጥቂት መስመር ነው። ዶንኪ ካርም ቢሆን እንዲህ ያለ ሴንሰር ይቀበላል።

ታዲያ «ለፕሮግራሚንግ የተዘጋጀ» ብላችሁ ኪት (ተገጣጣሚ መኪና) የምትሸጡ ሰዎች ይሄን ሴንሰር ለምን ትተዉታላችሁ? ጌጥ መብራት ትገጥማላችሁ፣ የሚያብረቀርቅ ክዳን ትጨምራላችሁ፣ መኪናዋ ግን የራሷን ፍጥነት አታውቅም። ለልጆች ነው የምትሸጡት እኮ! ያ ልጅ ትናንት የሰራለት ነገር ዛሬ እምቢ ሲለው እኔ አልችልም ብሎ ነው የሚተወው። ችሎታው ላይ ምንም ችግር ሳይኖር። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ቢያንስ ካርቶኑ ላይ «የፍጥነት ሴንሰር የለውም» ብላችሁ ጻፉ። ቪዲዮ የምትሰሩም ባትሪው ስንት ቮልት እንደነበረ አሳዩን።

ሴንሰሩን ራሳችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ ደግሞ ማግኔቷን የት እንዳጣበቃችሁ ፎቶ አንስታችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ጎማው ላይ ይሻላል ወይስ ዘንጉ ላይ?