ማስተካከያ፦ ጠብታ እንጂ ማንኪያ አይደለም

ከፒያሳ ተነስተው ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ወዳሉት የድንበር መንደሮች ለሚሄዱ ባወጣነው የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ምክር «ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ በረኪና» ያልነው ከባድ ስሕተት ነው፤ ይቅርታ። ትክክሉ 2 ጠብታ ነው፤ እሱም ሽቶ የሌለበት፣ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ። በክረምት ባሮ ደፍርሶ ሲወርድ ጭቃው የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። ስለዚህ ውሃው በባልዲ ይዝቀጥ፣ የጠራው በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጠለል። ያኔም ካልጠራ 4 ጠብታ። 30 ደቂቃ ቆይቶ ክዳኑ ሲከፈት ሽው የሚል የበረኪና ሽታ ከሌለ፣ ያው መጠን ተደግሞ 15 ደቂቃ ይጠበቃል።

በበረኪና ፋንታ ውሃውን ለሚያፈላ «3 ደቂቃ ይፍላ» ያልነውም ለአዲስ አበባ ከፍታ ነው። እዚያ ቆላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ማገዶም ይተርፋል።