ይድረስ ከፊት ግራ ጎማ በስተጀርባ ለተቀመጡት፣ ጎማውን ይዘው ለሚያሽከረክሩት ክቡር ሞዞ

ጉዳዩ፦ ከመቀመጫዎ እንዲነሡልን በድጋሚ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጎማውን በኳሶቹ ላይ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታዎ ማጉረምረም ከጀመረ ወዲህ ተሳፋሪው ሁሉ ድምፅዎን ሲያዳምጥ በመክረሙ፣ ቦታውን እንዲለቁ መወሰኑንና ተተኪዎም ከነካርቶኑ ደጅ እየጠና መሆኑን ሳያውቁት አይቀሩም።

የጥገና መመሪያው ጉዳይዎን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ ቡሎኖቹን ፈትቶ ሞዞውን ማውጣት ነው ይላል። ጸሐፊው እርስዎን በአካል አግኝቶ እንደማያውቅ ከብዕሩ ያስታውቃል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይቱን ጠጡት፣ አደሩበት፣ አልተነቃነቁም። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው የኤቢኤስ ሽቦዎም ገና እጅ ሲቀርበው መሰበሩን እግረ መንገዴን ላስታውስዎት።

የቅዳሜው ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ካሳረፍኩ፣ የአክስሉን ትልቅ ዳዶ ከፈታሁ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦው ክብደት እንዳይሸከም ካሊፐሩን (የፍሬኑን መጨበጫ) በሽቦ ካንጠለጠልኩና ከኋላ የያዙዎትን ቡሎኖች ካወጣሁ በኋላ፣ በዘንግ ላይ እየተንሸራተተ በሚጎትተው መዶሻ ስታገልዎት ጎረቤቶቼ አጥር ተደግፈው ይመለከቱ ነበር። በድንገት ቋ ብለው ሲለቁ እኔ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፣ እርስዎም ደረቴ ላይ አረፉ፤ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያባራ አንድ ሕፃን አጎንብሶ ወደ ውስጥ ተመለከተና «ታዲያ ይሄ የቀረው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ለካ የወጣው ፊትዎ ብቻ ኖሯል። ጎማው የሚታሰርበት ክፍል ከኩሽኔታው ተለያይቶ ሲመጣ የውጭው ቀለበት ከነዝገቱ በቦታው ቀርቷል፣ ኳሶቹም ግራሶ እንደተቀቡ አሸዋው ውስጥ ተበትነዋል። ጎረቤቶቼም ጭብጨባውን መልሰው መውሰድ ስላልቻሉ ወደ ሳቅ ለወጡት። ከእንግዲህ መጎተቻው የሚይዘው ጠርዝ እንኳ የለም።

ማን በደለህ? ብረት ሲዝግ ከቀድሞ መጠኑ በላይ ያብጣል፤ አንተም ልክህ በሆነ ቀዳዳ ገብተህ፣ ውሃና ጨው እየጠጣህ ወፍረህ፣ ማንም እንዳያወጣህ ራስህን ቀርቅረህ ተቀመጥክ። ያቀፈህ የአልሙኒየም ቤት ከአንተ ጋር በመዋሉ ብቻ ነጭ ዱቄት እየሆነ አለቀ፤ መዶሻው ቢስት የሚሰነጠቀውም እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። ይህ ሁሉ መከራ የመጣው ደግሞ መጀመሪያ የገጠመህ ሰው ጠርዝህን ስስ ቅባት መቀባት ስለከበደው ነው። አንዲት የጣት ቅባት! ለእሷ የተነፈገችው ደቂቃ ዛሬ ከእኔ ወገብ እየተከፈለች ነው።

ስለሆነም አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ የሚለጠጥ በመሆኑ በመጀመሪያ ዙሪያዎን በእሳት እንደምናሞቅ፣ ይህም ካልበቃ ቀለበትዎን በግራይንደር ጭረን በመሮ እንደምንሰነጥቅ በአክብሮት እናስታውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በቀኝ በኩል ለሚገኙት ባልደረባዎ፣ እርሳቸውም ማጉረምረም ጀምረዋልና።