ቡናው እስኪፈላ

«ስፖርት በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እንኳን ልማድ ሊሆንልኝ፣ በ21ኛው ቀን ከአልጋ የምነሳው በግድ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት አማካይ 66 ቀን ነው። አንዳንዱ በ18 ቀን ይለምዳል፣ ሌላው እስከ 254 ቀን ሊፈጅበት ይችላል። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አይጎዳም።

የኔ ነገር ቀላል ነው። ጠዋት ጀበናው ከተጣደ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ከዚያ 20 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። ጂም የለም፣ ወጪ የለም። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን «አንተ ልጅ፣ ማን እያባረረህ ነው?» ይሉኝ ነበር። አሁን ከቀረሁ «ምነው ዛሬ፣ አመመህ እንዴ?» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ከስልኬ አላርም ይልቅ እሳቸውን እፈራለሁ።

የከበደኝ ክረምቱ ነው። የሐምሌን የጎጃም ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ በረንዳ ላይ ገመድ እዘላለሁ። (ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደልቀው ሙዚቃ አያስፈልግም።)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የኔ 20 ደቂቃ በሰባት ቀን 140 ነው። የቀረችውን 10 ገበያ ስመላለስ እሞላታለሁ።