«ስንት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ የሸፈነብን ነገር

አጠገባችሁ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ካለ ይህችን ወረቀት ላይ ጻፉለት፦ 8 + 4 = ☐ + 5። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ስንት ነው? ብዙ ልጆች ሳያመነቱ 12 ይላሉ። ያዩትን ቁጥር ሁሉ ደምረው 17 የሚሉም አሉ። መልሱ 7 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህ ጥያቄ ለ145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ቀርቦ ነበር። ሁሉም ወይ 12 ወይ 17 አሉ። 7 ያለ አንድም ልጅ አልተገኘም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች መደመር አላቃታቸውም። ያልገባቸው ያቺ ሁለት መስመር ያላት የእኩል ምልክት ናት።

ለእነሱ ምልክቷ «አሁን መልሱን ጻፍ» የምትል ትእዛዝ ናት። ደግሞ አይፈረድባቸውም። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ያዩት 3 + 2 = ☐ ዓይነቱን ብቻ ነው። ሥራው ሁልጊዜ በግራ፣ መልሱ ሁልጊዜ በቀኝ። ካልኩሌተሩም ያቺን ምልክት ሲጫኑት መልስ ይሰጣል። አነጋገራችንም ያግዛል። «ሦስት ሲደመር ሁለት ስንት ይመጣል?» እንላለን። «ይመጣል» ስንል ልጁ የሚመጣ ነገር ይጠብቃል። ምልክቷ ግን የግራውና የቀኙ መጠን አንድ ነው ከማለት ሌላ ምንም አትልም። እ.ኤ.አ. በ1557 ምልክቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ያሳተመው የዌልሱ የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሪከርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው፣ ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ሁለት ነገር የለም ብሎ ነው።

አልጀብራ ሰባተኛ ክፍል አካባቢ ከኤክስ ጋር ይጀምራል ብለን ተቀምጠናል። እኔ በዚህ አልስማማም። አልጀብራ የሚጀምረው ልጁ መልሱን ከመፈለጉ በፊት በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ዝምድና ሲያይ ነው። ይህን ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ያያል፣ ካላጣደፍነው።

37 + 56 = 38 + ☐ የሚለውን ውሰዱ። አንዱ ልጅ 93ን ያገኝና 38ን ይቀንስለታል። ሌላው «37 በአንድ ጨምሮ 38 ሆነ፤ ስለዚህ 56 በአንድ ይቀንስ» ብሎ 55 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለተኛው ልጅ ግን አልጀብራ ሠርቷል። አሁን መደመሩን በመቀነስ ለውጡበት፦ 62 − 37 = 63 − ☐። ያው ልጅ «አንዱ ከጨመረ ሌላው ይቀንስ» ብሎ 36 ሊል ይችላል። ተሳስቷል፤ መልሱ 38 ነው። እዚህ ጋ ቶሎ አታርሙት፣ እባካችሁ። በቁጥር መስመር ላይ 37ንና 62ን ያሳይ። መቀነስ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። 62 አንድ እርምጃ ወደፊት ከሄደ፣ ርቀቱ እንዳይለወጥ 37ም አብሮት አንድ መሄድ አለበት። መደመር ላይ የሠራው ሕግ መቀነስ ላይ ለምን እንዳልሠራ ልጁ ራሱ ሲደርስበት፣ ሃያ የመቀነስ ጥያቄ ከመሥራት የበለጠ ተምሯል።

ልጁን ደግሞ ይህን ጠይቁት፦ ሁለት ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ለምን ሁልጊዜ ተጋማሽ ይሆናሉ? 3 + 5፣ 7 + 9 እያለ መሞከር ይጀምራል። ግን «ሁልጊዜ» የሚለውን በምሳሌ መጨረስ አይቻልም። አንድ ቀን ሁለቱን ቁጥሮች በጠጠር ክምር አሳይቶ ጠጠሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲደረድር ከያንዳንዱ ክምር አንድ ብቸኛ ጠጠር እንደሚተርፍ ያያል። ሁለቱ ብቸኞች ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ። ይህ ማረጋገጫ ነው፤ ስንት ጠጠር ቢሆን ግድ የለውም።

አራት ማዕዘን ጠረጴዛ ዙሪያ 4 ሰው ይቀመጣል። ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ቢገጠም 6፣ ሦስት ቢገጠም 8። 100 ቢሆንስ? መቶ ጠረጴዛ መሳል ያደክማል፤ የጥያቄው ጥቅም ያ ነው። ልጁ «ለያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት፣ ከዚያ በሁለቱ ጫፎች ሁለት» ይላል፤ 202። ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ካላት፣ «የጠረጴዛው ቁጥር» በሚለው ቦታ ፊደል መተካት ጽሑፍ ማሳጠር ብቻ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የሠራው የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚም፣ አልጀብራ የሚለውን ስም ያገኘንበትን መጽሐፍ ሲጽፍ አንድም ኤክስ አልተጠቀመም። ሁሉንም በቃላት ነው ያስረዳው።

ፊደል ራሱ ልጆችን አያስፈራም። በሶቪየት ኅብረት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቫሲሊ ዳቪዶቭና ባልደረቦቹ የሒሳብ ትምህርትን ከቁጥር በፊት ርዝመትንና መጠንን በማነጻጸር አስጀምረዋል፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች ዝምድናዎቹን በፊደል ይጽፉ ነበር። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። «5እ ማለት አምስት እርሳስ ነው» ብለን ስናቀል ፊደሉን የዕቃ ስም እናደርገዋለን። «እ» የቁጥር ቦታ ነው፤ የእርሳሶቹ ብዛት ወይም የአንዱ ዋጋ ሊሆን ይችላል፣ እርሳሱ ራሱ ግን አይደለም።

«መጀመሪያ የማባዛት ሠንጠረዡን ይሸምድዱ» የሚሉ ወላጆችና መምህራን አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን 6 × 8 የጠፋበት ልጅ «5 × 8 አርባ ነው፣ አንድ ስምንት ልጨምርበት» ካለ፣ ሠንጠረዡንም አልጀብራውንም አንድ ላይ እየያዘ ነው።

የምጠይቀው አዲስ ትምህርት አይደለም። አንዳንዴ 12 = 7 + 5 ብለን እንጻፍ። 5 = 5 እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብለን እንጠይቅ፤ «የሚሠራ ነገር የለውም» ብለው የሚደናገሩ ልጆች አሉ። ሰሌዳ ላይ 5 + 3 = 8 + 2 = 10 ብሎ መቀጠልን እንተው፤ 5 + 3 ከ8 + 2 ጋር እኩል አይደለም። «ስንት ይመጣል?» የምንለውንም ቢያንስ አልፎ አልፎ «ከምን ጋር እኩል ነው?» በሚለው እንቀይረው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያችን 8 + 4 = ☐ + 5 መልሳችሁ ስጡት። «5 ከ4 በአንድ ይበልጣል፤ እንግዲህ ሳጥኑ ከ8 በአንድ ያንሳል» ብሎ 7 ቢላችሁ፣ 12ን ጨርሶ አላሰባትም።