ፋልስተርቦና ባቲ፦ ወፍ ቆጣሪና ወፍ ጠባቂ

በደቡብ ስዊድን የምንኖር የወሎ ልጆች ቡና ላይ ስንገናኝ፣ በመኸር ወራት ባሕር ዳር ቆመው ሰማይ ሰማይ የሚያዩት የአገሬው ሰዎች ጨዋታ ማድመቂያ መሆናቸው የተለመደ ነው፤ «የጠገበ ሰው ወፍ ይቆጥራል» የሚለውን ቀልድም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቀልዱ ያስቃል፣ ፍርዱ ግን ገምድል ነው። በዚያው ወቅት የቃሉና የባቲ ገበሬም ዓይኑን ከሰማይ አይነቅልም።

ፋልስተርቦ የስዊድን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ንስር፣ ጭልፊትና ሽመላ ክንፋቸውን ብዙ ሳያርገበግቡ ከፍ የሚሉት ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ተነሥቶ ወደ ላይ በሚወጣ አየር ነው፤ ባሕር ላይ ይህ አየር ስለማይገኝ፣ ወደ ዴንማርክ የሚሻገሩት ጠባቡን ቦታ ፈልገው ነው። በዚህ ምክንያት የአገሩ ወፍ ከያቅጣጫው ተሰብስቦ በዚያች ምላስ በምታህል መሬት ላይ ያልፋል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 25 እስከ ኅዳር 11፣ ነፋስም ቢሆን ዝናብ ሰው ተመድቦ የሚያልፈውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በዓይነት በዓይነቱ ይጽፋል። በወፎቹ ብዛት መጀመሪያ የተገረምኩ ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ይህ ሥራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ አለመቋረጡ ነው።

ለእኛ አገር የፋልስተርቦ አቻ የሚሆነው ባብ ኤል መንደብ ነው። ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚወርዱት ንስሮች በዓረብ ምድር አልፈው ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት፣ በዚያው በአየሩ ምክንያት፣ በዚህ ጠባብ የባሕር በር ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. መኸር በጅቡቲ በኩል የቆሙ ተመልካቾች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ240,000 በላይ አዳኝ አሞሮችን ቆጥረዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአፋር ሜዳ ነው፤ ከሜዳው በስተ ምዕራብ ደግሞ ባቲ የተቀመጠችበት የወሎ ተረተር ቀጥ ብሎ ይነሣል። ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያተኛ ግመልና ፍየል ሲያማርጥ በላዩ ምን እንደሚያልፍ በየዓመቱ እየቆጠረ የሚጽፍ ሰው አላውቅም።

ይህ ማለት ግን ወሎ ወፍ አያይም ማለት አይደለም። ከቆቦ እስከ ጨፋ ያለው የማሽላ አገር በመስከረምና በጥቅምት በሙሉ ወፍ ጠባቂ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል፤ አንዱ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላልና፣ አንድ ሚሊዮን ሆኖ የሰፈረ መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ይጨርሳል። ስለዚህ ልጁ ወፍ ጭጭ ሳይል ከማማው ላይ ይወጣል፤ በጎኑ ጠጠር ተከምሯል፣ በእጁ ወንጭፍ ወይም ጅራፍ አለ፣ ዓይኑ ደግሞ ከአድማሱ ላይ ነው። ጥቁር ደመና መስሎ የሚመጣው መንጋ ግሪሳ ይሁን ወይስ ሌላ ወፍ ገና በሩቁ ይለያል፤ ካልለየ የዓመት ቀለቡ ይበላል። የፋልስተርቦው ቆጣሪ ቢሳሳት የሚበላሸው ቁጥር ነው፤ የማማው ልጅ ቢሳሳት ግን የሚራበው ቤተሰብ ነው። ዓይንን ያህል ነገር ካወዳደርን፣ እኔ የማማውን ልጅ አስበልጣለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ስደተኛው ሁሉ በናፍቆት የሚያነሣው የመስቀል ወፍም ከሌላ አገር የሚመጣ እንግዳ አይደለም። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች መካከል ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው፤ ወንዱ በክረምት ለመራቢያ ቀይና ጥቁር ለብሶ ስለሚታይ እንጂ፣ በበጋ ከድንቢጥ እምብዛም አይለይም። እንግዶቹ ሌሎች ናቸው፤ ለምሳሌ ከመስቀል ወዲህ በሐይቅ ዳር ግጦሽ በከብቶች እግር ሥር ጅራቱን እያወዛወዘ ዝንብ የሚለቅመው ሆደ ብጫ ትንሽ ወፍ የሚፈለፈለው በአውሮፓና በሩሲያ ሜዳ ነው።

የሁለቱ አገሮች ጉዳይ አንድ መሆኑን ያሳየው ግን የ2011 እ.ኤ.አ. ድርቅ ነው። በስዊድንና በዴንማርክ የሚራባ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለው፣ ያደነውን ፌንጣ እሾህ ላይ ሰክቶ የሚበላ ትንሽ ወፍ አለ። በጸደይ ወደ ሰሜን ሲመለስ በአፍሪካ ቀንድ አርፎ፣ ስብ አጠራቅሞ ነው የሚያልፈው። በዚያ ዓመት ቀንዱ በድርቅ ስለተመታ ወፉ ስንቁን ለመሙላት ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ፣ ሰሜን የደረሰውም ዘግይቶ ነው፤ የዴንማርክና የስዊድን ተመራማሪዎችም ነገሩን በ2012 አሳተሙት። መዘግየቱ የታወቀው በሰሜን በየዓመቱ የመምጫውን ቀን የሚመዘግብ ሰው ስለነበረ ነው። ድርቁን ከማንም በላይ የሚያውቀው የእኛ ገበሬ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙም ምስክርነቱም የለም።

ጉዳዩ ለገበሬውም ቅንጦት አይደለም። ግሪሳ ሲበዛ ማደሪያው ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል። ለዚህ በአፍሪካ ሲሠራበት የኖረው ፌንቲዮን ግሪሳውን ብቻ ሳይሆን የታመመውን ግሪሳ የሚበሉትን ጭልፊትና ንስርም ይገድላል፤ እነዚህ ደግሞ ለገበሬው አይጥና አንበጣ የሚለቅሙለት ናቸው። ከእስያ የሚመጣው የሜዳ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ወፎች ተርታ ተመዝግቧል፤ በባብ ኤል መንደብ የሚሻገረውም ማሽላው እሸት ይዞ ርጭቱ በሚታሰብበት በጥቅምት ነው። የባቲና የከሚሴ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባት አሞሮቹ በብዛት የሚያልፉበትን ሳምንትና የሚያድሩበትን ዛፍ በደብተር ቢይዙ፣ የወረዳው ግብርና ባለሙያ ርጭቱን የትና መቼ እንደሚያደርግ ሲወስን የሚያየው ነገር ይኖረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው፤ ወፉን መለየትማ የማማው ልጅ ለመምህሩም ያስተምራል።